ቁሌት ያልሸተተበት ዓመት

ሽንኩርት በደረቅ ድስት ላይ ተጥሎ የራሱን ውሃ ሲመጥ፣ ከዚያ ዘይት ጠብ ሲልበትና ጠርዙ ቀላ ማለት ሲጀምር የሚወጣውን ሽታ ማን የማያውቅ አለ! ለሌላው ሰው ምሳ ደረሰ ማለት ነው፤ እኔ ግን ገና ማማሰያውን ሳላነሳ፣ ደብረ ብርሃን ብርድ ውስጥ ቆሜ ባንድ አፍታ ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ወርጄ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በረንዳችን ላይ የእማዬን የስፌት መኪና ስረግጥ እገኛለሁ። ባለቤቴ «አንቺ እኮ ቁሌት ላይ ስትሆኚ አፍሽ ይዘጋል» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ፣ ምን አለበት፤ እኔም ዝም የምለው ወድጄ አይደለም።

እኛ ቤት ሽንኩርት ኑሮ ነበር። አባዬ ከሮቢ ወንዝ ዳር መሬት ተከራይቶ፣ በሞተር ውሃ እየሳበ ቀይ ሽንኩርት ያለማ ስለነበር፣ ከገና በኋላ ምርቱ ሲደርስ ግቢያችን ውስጥ በተጣለው ዳስ ሥር ይከመርና፣ ልጣጩ ንፋስ በመጣ ቁጥር እየበረረ ከአልጋችን ሥር፣ ከደብተራችን መሃል፣ አንዳንዴም ከሻይ ብርጭቆ ውስጥ ይገኝ ነበር። እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። የተማሪ ዩኒፎርምና የገጠር ሴቶችን ቀሚስ እየሰፋች፣ ጎን ለጎን ወጥ እያማሰለች፣ ጎን ለጎን እኔንና የአራት ዓመት ታናሽ ወንድሜን ቢኒያምን ትቆጣ ነበር። እጇም ምላሷም ፈጣን ነበር፤ ቁንጥጫዋ ደግሞ በሰፈሩ የታወቀ ነው፣ ጭን ላይ ሁለት ጣት ብቻ አሳርፋ እንደ ክር ጫፍ ጠምዘዝ አድርጋ ስትለቅ ጩኸታችን አስፋልቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ነው እማዬ ጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት ይዛ አዲስ አበባ የወጣችው። ከአሥር ቀን በኋላ ደረቷን በፋሻ ታስራ፣ ግራ እጇን ወደ ላይ ማንሳት አቅቷት ተመለሰች። ለእኛ የተነገረን «እብጠቱ ወጣላት» የሚል ብቻ ነበር፤ የበሽታውን ስም ያን ጊዜ ሰው ጮክ ብሎ አይጠራውም፣ «ያ ነገር» እያለ በሹክሹክታ ያልፈው ነበር። ጥር ሲገባ ደግሞ «ዳግመኛ እንዳይመጣባት መድኃኒት ትወስዳለች» ተባለና፣ እማዬ በየሃያ አንድ ቀኑ ሎሚ በመዳፏ ጨብጣ፣ መኪና ተሳፍራ፣ ደብረ ሲናን አልፋ ጣርማ በርን ወጥታ አዲስ አበባ መመላለስ ጀመረች። መድኃኒቱን ኬሞ ይሉታል፣ ቀይ ነው፣ በክንዴ የደም ሥር ጠብ ጠብ እያለ ይገባል አለችን። ቢኒያም ቀይ የተባለውን ሰምቶ «የሽንኩርት ውሃ ነው?» ብሎ ቢጠይቃት በሳቅ ፈርሳ «አዎ፣ የአባትህ ሽንኩርት ነው» አለችው።

ከመጀመሪያው መድኃኒት የተመለሰችበትን ቀን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ፣ የራሷን ልጆች አሳድጋና ድራ የጨረሰች ሴት፣ እማዬ በሌለችበት እኛን የምትጠብቀን እሷ ነበረች፤ ያን ቀን እማዬ ርቧት ትመጣለች ብላ በእኛው ማድቤት የምስር ወጥ ልትሠራ አንድ ሳህን ሙሉ ሽንኩርት ከትፋ ታቁላላ ነበር። እማዬ ከባጃጅ ወርዳ የግቢውን በር ስትከፍት ሽታው ተቀበላት። ሁለት እርምጃ አልሄደችም፤ አጥሩን ይዛ ጎንበስ ብላ ያስመልሳት ጀመር፣ እያስመለሳትም በሌላው እጇ ወደ ማድቤቱ እየጠቆመች «አጥፉልኝ! አጥፉልኝ!» ትላለች። እትዬ ሐዋ ድስቱን ከነትኩሳቱ በቀሚሷ ጫፍ ይዛ «ያ ረቢ! እኔ ነኝ የገደልኳት!» እያለች በጓሮ በኩል ሮጠች። እኔና ቢኒያም ተያይዘን ቆመን አየን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽንኩርት ከቤታችን ወጣ። ክምሩ ተነስቶ ማሳው ዳር ተወሰደ፣ ግቢው ተጠረገ፣ ልጣጭ እያሳደድን መልቀም የእኔና የቢኒያም ሥራ ሆነ። አባዬ ከማሳ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ሸሚዙን አውልቆ አጥሩ ላይ ይሰቅልና፣ በባልዲ ውሃ ሰውነቱን በሳሙና ፈትጎ፣ ግማሽ ሎሚ መዳፉ ላይ አሽቶ ነበር የሚገባው፤ ከገባም በኋላ እጁን እንደ ተማሪ ዘርግቶ ያስሸትታታል፣ እሷ ፊቷን ካጨፈገገች ምንም ሳይናገር ተነስቶ ወጥቶ እንደገና ይታጠባል። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ታጥቦ ሦስት ጊዜ ስታጨፈግግበት «አንቺ ሴትዮ፣ ቆዳዬን ልግፈፈው እንዴ?» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እትዬ ሐዋማ ብሶባት ምድጃዋን ነቅላ ከግቢዋ ማዶ ተከለችው፤ እሱም አልበቃት ብሎ፣ ሽንኩርት ከማቁላላቷ በፊት ወጥታ አንድ እፍኝ ልጣጭ ወደ ላይ በትና ንፋሱ ወዴት እንደሚወስደው ታይ ነበር። ወደ እኛ ከሆነ ወጥ የለም፤ ባሏን በሻይና በዳቦ ታሳድረዋለች። እኛም ሽንኩርት የሌለው ሽሮ በላን። ሽንኩርት የሌለው ሽሮ በልታችሁ የማታውቁ እድለኞች ናችሁ።

የካቲት ላይ አባዬ የቀረውን ምርት አይሱዙ ላይ አስጭኖ፣ አብሮ ተጭኖ አዲስ አበባ ሄደ። በሄደ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ፣ እትዬ ሐዋ ምላጭ ይዛ ከኋላዋ ቆማ አገኘኋቸው። የእማዬ ራስ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል። ያ ሁሉ ፀጉር በፌስታል ተቋጥሮ እግሯ ሥር ተቀምጧል፣ የእትዬ ሐዋ ዓይን ቀልቷል፣ እማዬ ደግሞ እኔን ስታይ ፈጠን ብላ ጥቁር ሻሽ አነሳችና አሰረች። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ሞቆኝ ነው» አለችኝ።

እሺ፣ የእኛ አገር ልጅ ይህን ሲያይ ምን ብሎ ይረዳዋል? ሴት ራሷን ተላጭታ ጥቁር ካሰረች ሰው ሞቷል ማለት ነው። መስከረም ላይ የክፍል ጓደኛዬ አባት መኪና ተገልብጦበት ሲሞት እናቷ ተላጭታ አይቻለሁ፤ ጓደኛዬን ግን ዘመድ ቤት አስቀምጠው «አባትሽ ሥራ በዝቶበት ነው» እያሉ ሦስት ቀን ከደበቋት በኋላ ነበር ማለዳ ሽማግሌ ልከው ያረዷት። የእኔም አባት መንገድ ላይ ነው። ማታ «አባዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ብዬ ስጠይቅ እማዬ «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለችኝ። አለቀ። ያው ቃል ነው። አባቴ ሞቷል፣ እየደበቁን ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ለቢኒያም ዳቦዬን ሰጠሁት፣ ሲያስቸግረኝም አልመታሁትም፣ አባት የለውማ። አጥሩ ላይ ተሰቅሎ የቀረውን የአባዬን ሸሚዝ ሰርቄ ጓሮ ወስጄ ፊቴን ቀብሬበት ሽንኩርቱን እየማግሁ አለቅሳለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማንም ሳይነሳ ወጥቼ የግቢው በር ላይ እቆማለሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ካልገቡ መርዶው አይነገርም፣ መርዶው ካልተነገረ አባዬ አልሞተም። በሦስተኛው ቀን ማለዳ እውነትም ጋቢ የለበሱ ሁለት ሽማግሌዎች ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ በራችን መጡ። «ልጄ፣ እናትሽ አለች?» አሉኝ። እጄን ዘርግቼ በሩን ዘጋሁና «የለችም! አባዬ አልሞተም! ሂዱ! አንሰማም!» ብዬ ጮህኩ። ምስኪኖች፣ የታመመች ጎረቤታቸውን ሊጠይቁ ነበር የመጡት። እርስ በርሳቸው ተያዩና አንደኛው «በስመ አብ! ማን ሞተ ደግሞ?» አሉ።

እማዬ ጩኸቱን ሰምታ በባዶ እግሯ ወጣች። ነገሩ ሲገባት መጀመሪያ ሳቀች፣ ሆዷን ይዛ በሩ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ሽማግሌዎቹም ሳቁ፤ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና ጎትታ እቅፏ ውስጥ ከተተችኝ። «ስሚ ሰብልዬ» አለችኝ፣ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ «አባትሽ ደህና ነው፣ ዛሬ ይገባል። ፀጉሬን ያረገፈው መድኃኒቱ ነው፤ ትራስ ላይ እንዳታገኙት ብዬ ነው የተላጨሁት። ሳልነግርሽ የቀረሁት እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ሁለተኛ ግን በር ላይ ቆመሽ ማንንም አትጠብቂ። የሚነገር ክፉ ነገር ካለ ከእኔ አፍ ትሰሚዋለሽ እንጂ ከሽማግሌ አትሰሚም።»

«ማይልኝ» አልኳት።

«እመብርሃን ምስክሬ ናት» አለች።

ከሰዓት አባዬ ሙዝ በፌስታል አንጠልጥሎ ሲገባ ሮጬ ሆዱን በጡጫ ደበደብኩት። ምን እንዳጠፋ ሳይገባው «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይለኛል።

በበልጉ ወራት ሁላችንም የሃያ አንዱን ቀን ልክ ተማርን። የመጀመሪያው ሳምንት እማዬ የእኛ አልነበረችም፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች፣ ውሃ እንኳ ብረት ብረት ይለኛል ትላለች፣ እኛም በጣታችን ጫፍ እንሄዳለን። በሁለተኛው ሳምንት ትቀመጣለች፣ ግን «ደሜ ቀንሷል፣ ጉንፋን የያዘው እንዳይጠጋኝ» ስለምትል፣ ንፍጡ የማይደርቀው ቢኒያም በር ላይ ቆሞ ነበር የሚያወራት። ሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ ግን አቤት! ያን ጊዜ ያደረውን ሥራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትጨርሰዋለች፤ ታጥበናለች፣ ጥፍራችንን ትቆርጣለች፣ ደብተሬን ገልጣ ታያለች፣ የሰው ልብስ ትሰፋለች፣ ቁጣዋንም እንደዚያው አጠራቅማ ታወጣዋለች። በመጥፎዎቹ ቀናት ስናጠፋ ከአልጋዋ ሆና «ቆዩ ብቻ፣ ሦስተኛው ሳምንት ይምጣ!» ትለን ነበርና፣ ሲመጣ ቃሏን አታጥፍም።

አንድ ቀን ቢኒያም የስፌት መኪናዋን መርፌ ሰበረ፤ እሷ ገና በአምስተኛ ቀኗ ላይ ስለነበረች ዝም ብላ አየችው። ልጁ ዝምታዋን አልቻለውም። ቀኑን እኔን እየጠየቀ ቆይቶ፣ ሦስተኛው ሳምንት የገባ ዕለት ጠዋት ቁምጣውን ወደ ላይ ሰብስቦ አልጋዋ አጠገብ ሄዶ ቆመና «እማዬ፣ መርፌ የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ቆንጥጪኝ» አላት። ቆነጠጠችው። ልስልስ ያለች ቁንጥጫ ነበረች፤ እሱ ግን ጭኑን ይዞ እየዘለለ «ሰብለ፣ ቆነጠጠችኝ! ደህና ናት!» እያለ ሊነግረኝ ወጣ። ከዚያ በኋላ በየሦስተኛው ሳምንቱ፣ አጥፍቶም ሳያጠፋም፣ ጭኑን ይዞላት ይሄድ ነበር።

ክረምት ሲገባ ሮቢ ወንዝ ደፍርሶ ሞላ፣ የአባዬ ሞተር ቆመ፣ ትምህርት ቤትም ተዘጋ፤ እማዬም አንዱን ጉዞ «ሰብለ ታጅበኛለች» ብላ ይዛኝ ወጣች። ከቆላው ሙቀት ተነስተን ደብረ ሲና ስንደርስ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር፤ ጣርማ በር ላይ ጉም መንገዱን ውጦት፣ ሻጮች የመኪናውን መስኮት እያንኳኩ የሱፍ ቆብ ይሸጣሉ። እማዬ ሻሿን ፈታ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አንድ ቀይ ቆብ ገዝታ መላጣዋ ላይ አጠለቀችና «እንዴት ነኝ?» አለችኝ። «ሕፃን ትመስያለሽ» አልኳት። ያን ቆብ ሸዋ ሮቢት ተመልሳም አላወለቀችውም፤ ውሻው እንኳ በሚያለከልክበት ሙቀት በሱፍ ቆብ በረንዳ ላይ ተቀምጣ፣ የሚያልፈው ሰው ዞር እያለ ሲያያት «ምን ታያላችሁ፣ እኔ ደገኛ ሆኛለሁ» ትላቸው ነበር።

ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሴቶች በተርታ ተቀምጠው መድኃኒቱ ይንጠባጠብላቸዋል። ሁሉም የሚያወሩት ስለ ልጆቻቸው ነበር፤ የአንዷ ልጅ ፈተና ላይ ነው፣ የአንዷ ገና ጡት አልተወም። እማዬ ከቦርሳዋ የተቆረጠ ጨርቅ አወጣች፣ የቢኒያም ዩኒፎርም ነበር፤ መስከረም ላይ መዋዕለ ሕፃናት ሊገባ ነው። ቀኝ እጇ ላይ መርፌ ተሰክቷል፣ ግራው ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አልታዘዝ ብሏታል። «በይ፣ ዛሬ እጄ አንቺ ነሽ» ብላ ክሩን በእኔ አስገባችና፣ ቀዩ ነገር ወደ ደሟ እየገባ፣ «ጠበቅ አድርጊው፣ አሁን አዙሪው፣ ኧረ ጠመመ፣ ፍቺው» እያለች ኮሌታውን አሰፋችኝ። ጨርሼ ሳሳያት ኮሌታው ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። እንደወትሮዋ ትፈታዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና «ይሁን፣ የእህቱ እጅ ነው» አለች። እማዬ የተንጋደደ ስፌት ሳትፈታ ስታልፍ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ስምንት ዙር ተብሎ የተጀመረው መድኃኒት፣ ደሟ እያነሰ አንዳንዱ ዙር ሲራዘም ቆይቶ፣ ነሐሴ ላይ አለቀ፤ ወዲያው ግን ምርመራው አላማረም ተብሎ ሌላ መድኃኒት ተጀመረ። መስከረም ላይ ቢኒያም ጠማማ ኮሌታውን ለብሶ ትምህርት ቤት ገባ። እማዬ በሩ ድረስ ሸኝታው ስትመለስ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ ተቀመጠች።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ አባዬና እማዬ አብረው አዲስ አበባ ሄደው ተመለሱ። አባዬ ፊቱን ሳያሳየን በቀጥታ ወደ ማሳው ሄደ፣ እማዬም እንደ ልማዷ ተኛች፤ ያልተለመደው፣ አላስመለሳትም። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ ምንም። ቅዳሜ ጠዋት ተነስታ ነጠላዋን አደግድጋ «ሰብልዬ፣ እትዬ ሐዋ ዘንድ ሂጂና አራት ራስ ሽንኩርት ስጪኝ በያት» አለችኝ። እትዬ ሐዋ ስነግራት የያዘችውን ሰፌድ ጣለች። «ለዘውዴ? ለእናትሽ? ራሷ ናት ያዘዘችው? አልሐምዱሊላህ! ሽታው ለቀቃት ማለት ነው! ሻረችልኝ!» እያለች አራት ያልኳትን አሥር አድርጋ በቀሚሴ ጨመረችልኝና እልል አለች። እኔም ደስታ እግሬን አስረሳኝ። ቢኒያም ሽንኩርቱን ሲያይ «ቁሌት! ቁሌት!» እያለ ግቢውን ሦስት ጊዜ ዞረው።

እማዬ አንዱን ራስ አንስታ ልጣጩን ሳትልጥ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ከዚያ ከተፈችው፣ እኔም አጠገቧ ተቀምጬ ከተፍኩ፣ ድስቱ ላይ ጣልነው፤ ከጥር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ሽታ ቤታችንን ሞላው። ቢኒያምን «ሮጠህ ከእትዬ ሐዋ በርበሬ አምጣልኝ» ብላ ላከችው። ከበሩ ሲወጣ ጠብቃ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳታነሳ፣

«ሰብልዬ፣ በር ላይ የማልኩልሽን ታስታውሻለሽ?» አለችኝ።

የያዝኩትን ቢላዋ አስቀመጥኩ።

«ሽንኩርቱ ያልከረፋኝ መድኃኒቱ ስለቆመ ነው። ከዚህ በላይ አይጠቅማትም ብለው አቆሙት።»

«ድነሻል ማለት ነው?»

«አይ፣ አልዳንኩም። ጉበቴ ውስጥ ገብቷል።»

«ትሞቻለሽ?»

ማማሰሏን አላቆመችም። «አዎ ልጄ» አለች። «ቀኑን አላውቀውም እንጂ አዎ። ከእኔ አፍ ትሰሚዋለሽ ብዬሽ ነበር፣ ይኸው።» እንባዋ ምድጃው ላይ ጠብ እያለ ቸስ ይል ነበር። «ለወንድምሽ ግን አሁን አትንገሪው፣ ገና ጨቅላ ነው፤ እስካለሁ ይጫወትብኝ። ሲያድግ፣ ነገር ሲገባው፣ አንቺ ትነግሪዋለሽ። ይቺ ቀን ምን እንደነበረች ንገሪው። ከሌላ ሰው አይስማ። ማይልኝ።»

«እመብርሃን ምስክሬ ናት» አልኳት።

ቢኒያም በርበሬውን በኩባያ ይዞ ዘው አለ። እኔን አየኝ፣ እሷን አየ። «ለምን ታለቅሳላችሁ?»

«ሽንኩርት ነው» አለችው እማዬ።

«ሽንኩርት ነው» አልኩት እኔም።

አመነን። ፊቱን ከድስቱ በላይ አስግጎ ዓይኑን እያሸ «እኔም! እኔም አለቀስኩ!» እያለ ሳቀ። ምሳ ሰዓት ላይ አባዬ መጥቶ እንደ ልማዱ በሩ ላይ ሸሚዙን ሊያወልቅ ቁልፉን ሲፈታ፣ እማዬ «ተወው፣ እንዳለህ ግባ» አለችውና፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸተው ደረቱ ላይ ፊቷን አስጠግታ ቆመች። አባዬ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፋው። ያን ቀን በትልቅ ትሪ የበላነውን ወጥ የመሰለ በሕይወቴ አልበላሁም፤ የድርሻዬን ግን አብዛኛውን ወደ ቢኒያም በኩል ገፋሁለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለቢኒያም ሦስተኛው ሳምንት ሳያልቅ ቀረ። አራተኛ ሳምንት፣ አምስተኛ ሳምንት፣ እማዬ አዲስ አበባ አትሄድም፣ አታስመልስም፣ ቤቱ ቁሌት ይሸታል፣ ሲቆነጥጣትም፣ እሷም ስትቆነጥጠው ይሳሳቃሉ። ፀጉሯ እንኳ በቅሎ ነበር፣ ልስልስ ያለ፣ እንደ ጫጩት ላባ፤ እሱ እሷን ሲደባብስ ይውላል። እኔ ብቻ ዓይኗ ነጩ ቢጫ እየሆነ፣ ቀበቶዋ እየጠበቀ፣ ሆዷ እያበጠ ሲሄድ አያለሁ፤ ስታየኝ እንደማያት ታውቃለች፣ አንዳችን ለአንዳችን ሳንናገር ሽንኩርት እንከትፋለን። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ከባድ ነበር፤ አንዳንዴ «ምናለ ባትነግሪኝ» ብዬ ተናድጄባታለሁ፣ ዛሬም አንዳንዴ እናደድባታለሁ።

ጥምቀት ሳይደርስ አረፈች። እኛን እትዬ ሐዋ ቤት አሳድረውን ነበር፤ ማለዳ ሽማግሌዎቹ፣ እነዚያው በር ላይ ያባረርኳቸው ሁለቱ፣ ከአባዬ ጋር መጡ። አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠርገው «ልጄ፣ እናትሽ…» ሲሉ «አውቃለሁ አባባ፣ ራሷ ነግራኛለች» አልኳቸው። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመው አለቀሱ። ቢኒያምን ግን አባዬ አቅፎ ወደ ጓሮ ወሰደው፣ ምን ብሎ እንደነገረው አልሰማሁም። እትዬ ሐዋ የዚያን ቀን ራሷን ተላጨች፤ ሙስሊም ሆና፣ ዘመድም ሳትሆን፣ «እህቴ ናት» ብላ።

ዛሬ እኔ እማዬ ከሞተችበት ዕድሜ በሁለት ዓመት አልፌያለሁ። በሽታውን ሰው አሁን በስሙ ይጠራዋል፣ በሬዲዮም ይወራል፤ እኔም በየዓመቱ ሄጄ እመረመራለሁ፣ የምሄድበትንም ለልጆቼ በግልጽ እነግራቸዋለሁ። ልጆቼ በር ላይ ቆመው ሽማግሌ አይጠብቁም። በዚህ እናቴን መስያለሁ ብዬ እኮራ ነበር።

ቢኒያም ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የአባዬን ማሳ እሱ ነው የሚያርሰው፣ አግብቷል፣ ሴት ልጅም አለችው። ባለፈው ወር አንድ ጆንያ ሽንኩርት ይዞልኝ ልጁን አስከትሎ ደብረ ብርሃን መጣ። እኔ ማድቤት ቆሜ ቁሌቱን እያዞርኩ ሳለ ልጁን ተሸክሞ ገባና አየሩን ወደ ውስጥ ሳበው። «አሸተትሽው?» አላት ልጁን፣ «አያትሽ የዳነች ቀን ቤታችን ይሄ ይሄ ነበር የሚሸተው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። በኋላ ነው ድንገት ያረፈችው እንጂ፣ ድና ነበር እኮ፤ አይደል ሰብለ?»

በዚህ ሁሉ ዓመት ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ሲያድግ፣ ነገር ሲገባው፣ አንቺ ትነግሪዋለሽ ብላኛለች፤ ምያለሁ። ይኸው አድጓል። አፌን ከፈትኩ። ፊቱን አየሁት፤ ያን ቅዳሜ በርበሬውን በኩባያ ይዞ የገባው ልጅ ፊት ነው፣ ምንም አልተነካም። እናቴ ለእኔ እውነቱን ሰጠችኝ፣ ለእሱ አንድ ደስ የሚል ቀን ተወችለት፤ ቀኗን ነጥቄው በምትኩ ምን ልሰጠው?

«ምን ሆንሽ፣ ታለቅሻለሽ እንዴ?» አለኝ።

«ሽንኩርት ነው» አልኩት።

አመነኝ።